ጭላሎን ወጣሁት፤ መውረዱ ግን

የአርሲውን ተራራ ጭላሎን ወጥቻለሁ። ይህን ስናገር ደረቴ ይነፋል፤ ደረጃ ስወርድ ግን ቀኝ ጉልበቴ ዛሬም ይታዘበኛል።

ከአዳማ በሌሊት ተነስተን አሰላ ገባን። በሶ፣ ጭኮና ለእያንዳንዳችን 3 ሊትር ውኃ ይዘናል። ከዚያ አንድ ቢሮ ደጃፍ ላይ «ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል» ተባልን። ፈራሚው እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ተጎለትን። ያንን ደብዳቤ ተራራው ላይ የጠየቀን ፍጥረት የለም! አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ያን ጊዜውኑ ወደ ቤታችን መመለስ ነበረብን። እኔ ግን የታወቀውን የተራራ ጉዞ ስሌት አሰላሁ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት። ስሌቱ የተቀመረው ለስኮትላንድ ኮረብታዎች መሆኑን ረስቼ። ጭላሎ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ከ2000 ሜትር በታች የምንኖር ሰዎች ነን።

የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን ረጃጅሙ የጅብራ ተክል መካከል ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆነ። ጓደኛዬ «ይብቃን» አለ። እኔ ጫፉ ታየኝ። ሃምሳ እርምጃ እየሄድኩ፣ እየቆምኩ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረስኩ። እሱም ተከትሎኝ መጣ፤ ይህ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ቁልቁለት ዕረፍት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሲወርዱ የጭን ጡንቻ ክብደትን የሚሸከመው እየተለጠጠ ነው፤ አብዝቶ የሚጎዳውም ይኸው ነው። አንድ ሰዓት ሳልወርድ ጭኖቼ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ትንፋሼ ደህና ነው፣ ልቤም ደህና ነው፤ እግሬ ግን አልታዘዝም አለ። ጥቂት ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ፣ ጥቂት በመቀመጫዬ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ጨለመ። ያለን መብራት የአንድ ስልክ ብቻ ነበር። ከብት የሚያስገቡ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ሰጡኝና «ልጄ፣ ማን ልኮህ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በሁለተኛው ቀን ከባጃጅ የወረድኩት ሹፌሩ ደግፎኝ ነው።

አንዳንድ መመሪያዎች «ሳይጠማችሁ ጠጡ» ይላሉ። እኔ ግን ሲጠማችሁ ጠጡ፣ ጨው ያለው ነገርም ብሉ እላለሁ፤ ያለ ልክ ውኃ መጋት በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያሳንሳል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ጫፉ እጃችሁ ላይ ቢሆንም ተመለሱ። ልምምዳችሁም ለቁልቁለቱ ይሁን። እኔ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ወደ አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚወስደውን ዳገት በባጃጅ ወጥቼ በእግሬ እወርዳለሁ። ሹፌሮቹ ይስቁብኛል፤ ሒሳቡን ግን አይቀንሱም።