የኪያውቹ ቴምብሮችና ያስቸገረኝ የውሃ ምልክት

ጀርመን በቻይና የያዘችው የኪያውቹ ግዛት ያወጣቸውን ቴምብሮች መሰብሰብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት የአንዲት አረንጓዴ የ2 ሴንት ቴምብር የውሃ ምልክት (በወረቀቱ ውስጥ የተሠራውን ስውር ምልክት) ማንንም ሳልጠይቅ ለይቼ ስላወቅሁ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ስለዚህ እስካሁን ያለፍኩበትን፣ ስሕተቴንም ጨምሬ፣ ለሰብሳቢ ወዳጆቼ ላካፍል ወደድኩ።

ስለ ታሪኩ በአጭሩ እነግራችኋለሁ፤ ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጀርመን ባሕር ኃይል በቻይና ዳርቻ ወደብ ሲፈልግ ቆይቶ ነበር። በኖቬምበር 1 ቀን 1897 በቻይና የሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን ሲገደሉ፣ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም ይህን ሰበብ አድርጎ አድሚራል ኦቶ ፎን ዲደሪክስን ላከ፤ በዚያው ወር በ14ኛው ቀን ወታደሮቹ ቺንግዳው (ጀርመኖቹ «ትሲንግታው» የሚሏት ከተማ) ላይ ወርደው ወደቡን ያዙ። በማርች 6 ቀን 1898 የተፈረመው ውል አካባቢውን ለ99 ዓመት በኪራይ ለጀርመን ሰጠ። የጦር መርከብ ከፊት ቆሞ የተፈረመን ውል «ኪራይ» ብሎ መጥራት እስከ ዛሬ ያስቆጣኛል፤ በስብስቤ መግለጫ ላይም «ወረራ» ብዬ ነው የምጽፈው።

በ1901 የወጡት ቴምብሮች የንጉሠ ነገሥቱን መርከብ ሆሄንሶለርንን ይዘው ዋጋቸው በፕፌኒግና በማርክ ነበር። በ1905 ዋጋው ወደ ሴንትና ዶላር ተለወጠ፤ አስተዳዳሪዎቹ ጀርመኖች ቢሆኑም ገበያው የሚንቀሳቀሰው በብር ዶላር ነበርና። የእኔ ችግር የጀመረው ከእነዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ የሴንት ቴምብሮች የውሃ ምልክት በሌለው ወረቀት ላይ ታተሙ፤ ተከታዮቹ ደግሞ የአልማዝ ቅርጽ እየተደጋገመ በሚታይበት ወረቀት ላይ ታተሙ። ሥዕሉም ዋጋውም አንድ ነው፤ የሚለያቸው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ለስምንት ወር ያህል ቴምብሮቹን በመስኮት ብርሃን ላይ እየያዝኩ እመለከት ነበር። በብርሃን ውስጥ የሚታየኝ ግን የመርከቡ ሥዕል ብቻ ስለነበረ፣ «ምልክት የለውም» ብዬ በአልበሜ ውስጥ ብዙዎቹን ያለ ቦታቸው አስቀመጥኩ። ከዚያ የከፋው ደግሞ ምልክቱ በእርጥበት ይወጣል ብዬ ማኅተም ያልተመታባቸውን ሁለት ቴምብሮች ውሃ ውስጥ መንከሬ ነው፤ ከጀርባቸው ያለው ሙጫ ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ወጣ፣ ዋጋቸውም አብሮ ወደቀ። እነዚያን ሁለቱን እስካሁን አልጣልኳቸውም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ቴምብሩን በወረንጦ አንሥቼ በጥቁር ሳህን ላይ በፊቱ እደፋዋለሁ፤ መስኮት ከፍቼ፣ እሳት በአካባቢው አለመኖሩን አረጋግጬ፣ በጀርባው ላይ ጥቂት የላይተር ቤንዚን አንጠባጥባለሁ። ወረቀቱ እንደ ራሰ ወዲያው ይጠቁራል፤ ዓይኔን ሳልነቅል በተለይ ሥዕሉ በሚሳሳበት በጠርዙ አካባቢ እጠብቃለሁ። ምልክት ካለው የአልማዙ መስመሮች ከሌላው ወረቀት ይበልጥ ጠቁረው ለጥቂት ሰኮንድ ይታያሉ፤ ፈሳሹ ሲተንም ይጠፋሉ፣ ሙጫውም ሳይነካ ይቀራል። በአንድ ሙከራ ፍርድ መስጠት የለብንም፤ እኔ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ።

ዓይኔን ያሠለጠነልኝ ግን ፈሳሹ ሳይሆን በጀርመን አገር ውስጥ ያገለገሉት፣ ጌርማንያ የምትባል የሴት ምስል ያለባቸው ቴምብሮች ናቸው። እነርሱም ከ1905 ጀምሮ ያንኑ የአልማዝ ምልክት ይዘዋል፤ በብዛት ስለሚገኙም ርካሽ ናቸው። ሃምሳ ያህሉን ገዝቼ በየማታው አንድ በአንድ እየነከርኩ ከተለማመድኩ በኋላ ነው የኪያውቹ ቴምብሮች «የታዩኝ»። ጀማሪ ውድ ቴምብር ላይ መለማመድ የለበትም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ የውሃ ምልክት ማሳያ የሆነውን፣ መብራት ያለውን ውድ መሣሪያም ከዚህ ልምምድ በፊት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

በማኅተም በኩልም ተታልያለሁ። ከአንድ ሻጭ የገዛሁት የ4 ሴንት ቴምብር «ትሲንግታው» የሚል ጥርት ያለ ማኅተም ስለነበረው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ቀኑን በአጉሊ መነጽር ሳነብበው ዲሴምበር 1914 ይላል፤ የግዛቱ ጀርመናዊ አስተዳዳሪ አልፍሬድ ማየር-ቫልዴክ ግን ከተማዋን ለከበቧት ለጃፓንና ለእንግሊዝ ጦር ያስረከበው በዚያው ዓመት በኖቬምበር 7 ነው። ከአንድ ወር በኋላ በዚያ የጀርመን ፖስታ ቤት ሊኖር አይችልም። ማኅተሙ ሐሰተኛ መሆኑን ያወቅሁት በካታሎግ ሳይሆን በታሪኩ ነው፤ ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የከበባውን ቀኖች በቃላችሁ ያዙ።

አሁን ወደ ኋላ ተመልሼ ኪያውቹ የራሷ ቴምብር ሳይኖራት ያገለገሉትን፣ «ቻይና» የሚል ጽሑፍ በሰያፍ የታተመባቸውን የጀርመን ቴምብሮች ጀምሬያለሁ። የጽሑፉ ዘንበል ማለት በሁለቱ ኅትመቶች ይለያያል፤ እኔም በፕሮትራክተር እየለካሁ ነው፣ እስካሁን የሁለቱን ማዕዘን ያለ ጥርጥር የለየሁት በሦስት ቴምብሮች ላይ ብቻ ነው።