ድምፄን ቀድሜ ላክሁ፤ ዕጩዋ ግን ቀድማኝ ወጣች

ይህን የምጽፈው ቀደም ብሎ የሚነግረኝ ሰው በነበረ ብዬ ስለተቆጨሁ ነው። የሰማሁት ሁሉ «ቶሎ ላኪ፣ እንዳትረሺው» የሚል ነበር። እኔም ቶሎ ላክሁ።

ነገሩ የሆነው በአውሮፓውያኑ 2020 ነው። የምኖረው ሲያትል ነው። ዜግነት ካገኘሁ በኋላ የመጀመሪያዬ የፕሬዚዳንት ፕራይመሪ ነበር። ፕራይመሪ ማለት ከኖቬምበሩ ዋና ምርጫ በፊት ፓርቲዎቹ ዕጩአቸውን የሚለዩበት ነው።

ምዝገባው ቀላል ነው፤ በኢንተርኔት ያልቃል። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ የሚመረጠው በፖስታ ነው። ወረቀቱ ቤት ድረስ ይመጣል። ክቡን ታጠቁራላችሁ፣ ትፈርማላችሁ፣ ትልካላችሁ። ቴምብር እንኳ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በፕሬዚዳንት ፕራይመሪ ጊዜ ፖስታው ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ ዴሞክራት፣ ሌላው ሪፐብሊካን። አንዱ ላይ ምልክት ካላደረጋችሁ ድምፃችሁ አይቆጠርም። ብዙ የኛ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። ከመጣንበት አገር አንጻር የፓርቲ ስም ወረቀት ላይ ማስፈር ቀላል ነገር አይደለም፤ ይገባኛል። ግን መዝገብ ላይ የሚገባው የመረጣችሁት ፓርቲ ብቻ ነው፤ ለማን እንደሰጣችሁ ማንም አያውቅም። ምልክቱን አድርጉ።

እኔ ያንን በትክክል ሠርቻለሁ። የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው።

የምሠራው ዴይኬር (የልጆች መዋያ) ውስጥ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቻቸውን ጥለው ወደ ሥራ የሚሮጡ እናቶችን በየቀኑ አያለሁ። ከደሞዛቸው ምን ያህሉ ለእኛ እንደሚሄድም አውቃለሁ። እኛ የምንሠራውም ብንሆን ክፍያችን ያው የታወቀ ነው። ስለዚህ ከዴሞክራት ተወዳዳሪዎቹ አንዷ፣ ሴናተር ኤሊዛቤት ዋረን፣ የልጆች መዋያን ጉዳይ ዋና አጀንዳዋ አድርጋ ስትመጣ ልቤ ተነካ። ሐሳቧ ማንም ቤተሰብ ለመዋያ ከገቢው 7 በመቶ በላይ እንዳይከፍል ነበር። ሠራተኞቹም እንደ መንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን እንዲከፈላቸው። ገንዘቡ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ካላቸው ሰዎች በሚሰበሰብ ግብር ይሸፈናል አለች። ስለ እኔ ሥራ እንዲህ ብሎ ያወራ ፖለቲከኛ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ፌብሩዋሪ 19 ላስ ቬጋስ ላይ በተደረገው ክርክር ሌላውን ተወዳዳሪ፣ ባለሀብቱን ማይክል ብሉምበርግን፣ ስታፋጥጠው ቁጭ ብዬ አየሁ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ወረቀቱ ቤቴ ደረሰ። በዴሞክራቶቹ በኩል 13 ስሞች አሉበት። የሷን ክብ አጠቆርኩ። ሰኞ ፌብሩዋሪ 24 ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ ላይ ሰማያዊው የፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ሳጥኑን ከፍቼ ወረቀቱ መውረዱን ሁለቴ ሳረጋግጥ ትዝ ይለኛል። ደስ ብሎኝ ነበር።

የእኛ ስቴት የሚመርጠው ማርች 10 ነው። ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። ያንን ሁለት ሳምንት ወርውሬ ጣልኩት።

አሁን ስለ ተራው ልንገራችሁ፤ ሳይገባኝ የገባሁበት ነገር ይህ ነውና። አሜሪካ ውስጥ ፕራይመሪ በአንድ ቀን አይደረግም። ስቴቶቹ ተራ በተራ ነው የሚመርጡት። አይዋ፣ ኮከስ በሚባለው የስብሰባ ምርጫ፣ ከ1972 ጀምሮ ቀዳሚ ነበረች፤ ቀጥሎ ኒው ሃምፕሻየር። ኒው ሃምፕሻየር ከፕራይመሪዎቹ ፊተኛ መሆኗን በሕግ ሳይቀር ደንግጋለች። በ2020 አይዋ የነበሯት የዴሞክራት ተወካዮች (በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጡት) 41 ናቸው፣ ከ3,979ኙ። አንድ በመቶ ገደማ ማለት ነው። ግን በቁጥሩ እንዳትታለሉ። የመጀመሪያዎቹ ስቴቶች የሚሰጡት ተወካይ ሳይሆን ወሬ ነው። ማን ሊያሸንፍ እንደሚችል፣ ማን እንደወደቀ፣ ገንዘብ የሚያዋጣው ሰው ኪሱን ለማን እንደሚፈታ የሚወሰነው እዚያ ነው። በ1976 አይዋ ላይ አንደኛ የወጣው «ገና አልወሰንኩም» የሚለው ምርጫ ነበር። ጂሚ ካርተር ከሱ በታች ሆኖ እንኳ አሸናፊ ተብሎ ተወራለት። ያ ወሬ ነው ዋይት ሃውስ ድረስ መንገድ የከፈተለት።

በ2020 ደግሞ የሆነውን ተመልከቱ። ጆ ባይደን አይዋ ላይ አራተኛ ወጣ። ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ። ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ሳይነገር ጥሎ ወደ ደቡብ ካሮላይና በረረ። አለቀለት ተባለ። እኔም ብያለሁ። ቀጥሎ በመረጠችው ኔቫዳ ላይ ሌላው ተወዳዳሪ በርኒ ሳንደርስ በሰፊው አሸነፈ። ወረቀቴን የላክሁት ከዚያ በሁለተኛው ቀን ነው፤ ከ50 ስቴት ሦስቱ ብቻ መርጠው ሳለ።

ከዚያ ሁሉ ነገር በአንድ ሳምንት ተገለባበጠ። ፌብሩዋሪ 26 የደቡብ ካሮላይናው የኮንግረስ አባል ጂም ክላይበርን ለባይደን ድጋፉን ሰጠ። ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 29 ባይደን ደቡብ ካሮላይናን ከ48 በመቶ በላይ አግኝቶ ወሰዳት። ከመራጮቹ ከግማሽ በላይ ጥቁሮች ናቸው፤ አይዋና ኒው ሃምፕሻየር ላይ ድምፃቸው ከቁጥር የማይገባ ሰዎች። እሑድ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ፒት ቡዲጀጅ ከፉክክሩ ወጣ። ሰኞ ሌላዋ ተወዳዳሪ ኤሚ ክሎቡሻር ወጣች። ሰኞ ማታ ሁለቱም ዳላስ ላይ ለባይደን ቆሙ። ማክሰኞ ማርች 3 ሱፐር ቱስዴይ ነው፤ 14 ስቴቶች በአንድ ቀን የሚመርጡበት። ባይደን አሥሩን ወሰደ።

ያን ቀን ወንድሜ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ደወለልኝ። እሱ የሚመርጠው በአካል ሄዶ ነው፤ ጠዋት ከሥራ በፊት። «ቡዲጀጅን ልመርጥ ነበር፣ እሑድ ወጣ። ስለዚህ ቀየርኩ» አለኝ። እንደ ቀላል ነገር። ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ፉት ሲል ይሰማኛል። «አንቺስ?» አለኝ። «እኔ ልኬአለሁ» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ለምን ቸኮልሽ?» አለኝ። ያ ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ዋረን በገዛ ስቴቷ ማሳቹሴትስ ሦስተኛ ሆነች። ሐሙስ ማርች 5 ከፉክክሩ ወጣች። ዜናውን ያየሁት ልጆቹ ከምሳ በኋላ በተኙበት ሰዓት ነው። ስልኬን ይዤ ኮሪደር ወጣሁ። የምርጫ ቢሮ ቁጥር ፈልጌ ደወልኩ። ረጅም ጊዜ ጠበቅሁ። ያነሳችው ልጅ ጨዋ ነበረች። ስሜንና የትውልድ ቀኔን ጠየቀችኝ፣ ኮምፒውተሯ ላይ አየች። ወረቀትሽ ደርሷል አለችኝ። እንድቀይር አዲስ ላኩልኝ አልኳት። አንዴ ደርሶ ከተመዘገበ አይቀየርም አለች። ገና አልተቆጠረም እኮ፣ ቆጠራው ማርች 10 ማታ ነው አልኳት። ልክ ነሽ፣ ግን ተቀብለነዋል አለች። ዋረን እኮ አሁን ተወዳዳሪ አይደለችም አልኳት፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ። ስሟ ወረቀቱ ላይ ስላለ ድምፅሽ በስሟ ይቆጠራል አለችኝ። ሌላ የምረዳሽ ነገር አለ? አለች።

በልጅቷ አልተናደድኩም። ደንቡን አላወጣችውም። የተናደድኩት «ቶሎ ምረጡ» እያሉ በየቦታው በሚለጥፉት ነው። በአንድ የማኅበረሰባችን ስብሰባ ላይ ወረቀቱ በመጣ ማግስት ላኩት ብሎ አጥብቆ የመከረን ሰው ነበር። ወረቀቱ ላይ ካሉት 13 ሰዎች አብዛኞቹ ማርች 10 ሲደርስ እንደማይኖሩ አንድ ቃል አልተናገረም። በራሴም ተናድጃለሁ። ኔቫዳ ከመረጠች በሁለት ቀን፣ ደቡብ ካሮላይና ሳትመርጥ፣ ምን አስቸኮለኝ?

ጎረቤቴ እማማ ወረቀታቸውን እንዳነብላቸው ጠርተውኝ ነበር፤ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ። «ልላክልዎት?» ስላቸው «ይቆይ ልጄ፣ ገና ሰው እየወጣ ነው» ብለው ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፉት። እሑድ ማርች 8 ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠሩኝ። ያን ጊዜ ኮሮና ከተማችን ውስጥ ገብቶ፣ ፖስታውን በምላሳችሁ አታርጥቡ የሚል ማሳሰቢያ ወጥቶ ነበር። እማማ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አርጥበው የፖስታውን ከንፈር ቀስ አድርገው አሻሹት፤ ከዚያ በመዳፋቸው ተጫኑት። የእኔን ታሪክ ስነግራቸው «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ አንቺ ግን መልቀሚያም አላገኘሽ» አሉኝ። በመኪና ወስጄአቸው መንግሥት ያቆመው የድምፅ ሳጥን ውስጥ በእጃቸው ከተቱት።

ውጤቱን ስሰማ ይበልጥ አመመኝ። የእኛ ስቴት ከሁሉም በላይ ተቀራራቢ ከነበሩት አንዱ ነው። ባይደን ሳንደርስን የበለጠው በ21 ሺህ ድምፅ ገደማ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው በመረጠበት። ዋረን፣ ከወጣች አምስት ቀን ሆኗት፣ ከ140 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘች። 9 በመቶ። በዴሞክራቶቹ ደንብ ከ15 በመቶ በታች ያገኘ ተወካይ አይሰጠውም። ከስቴቱ 89 ተወካዮች 46ቱ ለባይደን፣ 43ቱ ለሳንደርስ ተከፋፈሉ። የእኔ ድምፅ ማናቸውም ውስጥ የለም። ያ ሁሉ ሰው እንደ እኔ ቸኩሎ ነው አልልም፤ አውቆ ለሷ የሰጠም ይኖራል። ግን ልዩነቱን ሰባት ጊዜ ያህል የሚሞላ ድምፅ ሜዳ ላይ ቀረ።

ስለዚህ ምክሬ ከፖስተሮቹ ጋር አይስማማም። በፕራይመሪ አትቸኩሉ። ከእናንተ በፊት የሚመርጡት ስቴቶች እነማን እንደሆኑ ቀኑን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሱፐር ቱስዴይ ሳያልፍ እጃችሁ ወረቀቱን አይልቀቅ። የመጨረሻው ቅዳሜና እሑድ ላይ ወስኑና በድምፅ ሳጥኑ ክተቱት፤ ሳጥኑ በምርጫው ቀን እስከ ማታ 2 ሰዓት ክፍት ነው። በዚያን ሰዓት የፖስታ ቤቱን ሳጥን አልመክርም፤ ማኅተሙ የማግስቱ ቀን ከሆነ ድምፃችሁ ይወድቃል። የምትወዱት ዕጩ 15 በመቶ እንደማይደርስ ካያችሁ ሁለተኛ ምርጫችሁን አስቀድማችሁ አስቡ። በኖቬምበሩ ምርጫ ግን ሌላ ነው፤ ያኔ ዕጩ አይወጣም፣ ቶሎ ላኩ። የታመመ ወይም መንገድ የሚሄድ ሰውም ይላክ፤ ያልተላከ ወረቀት ከሁሉም የከፋ ነው።

መጠበቅም ሁልጊዜ አይበቃም። በ2024 ዴሞክራቶቹ፣ ባይደን ራሱ ባቀረበው ሐሳብ፣ ተራውን ቀየሩት። ደቡብ ካሮላይናን ፊት አመጧት፤ እሱን ከሞት ያስነሳችውን ስቴት። ያን ዓመት የኛ ቀን ማርች 12 ነበር። እኔም በተማርኩት መሠረት ወረቀቴን እስከ መጨረሻው ቀን ይዤ ቆየሁ። ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ሄጄ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ዜናው ተነገረ። ባይደንም ትራምፕም ለዕጩነት የሚበቃቸውን ተወካይ በዚያችው ማታ ሞልተዋል።

በማግስቱ ለስቴታችን የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። በ2028 ቀናችንን ወደ ፊት አምጡልን ብዬ። የእማማንም ፊርማ ጨመርኩበት።