አባትና ልጅ በአንድ ታንኳ፦ አጭር ልቦለዱን እንዴት እንደሠራሁት

የአባትና የልጅ ነገር በአጭር ልቦለድ ውስጥ የሚበላሸው ስሜቱ ከሥራው ቀድሞ ሲመጣ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳርቻ ላይ ያቆምኩትን ታሪክ ስጀምር አስቀድሜ የጠየቅሁት እነዚህ ሁለት ሰዎች አብረው ምን ይሠራሉ ብዬ ነው። መልሱ ታንኳ ሆነ።

ከደንገል፣ ማለትም ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ቄጠማ መሰል ተክል፣ የሚታሰር ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ እየወጣ ፀሐይ ካልመታው ይበሰብሳል፤ ቢንከባከቡትም ከጥቂት ወራት አያልፍም። ይህ ለአጭር ልቦለድ ትልቅ ጥቅም አለው። አባትና ልጅ አንዴ ሠርተው የሚገላገሉት ዕቃ ቢሆን አንድ ትዕይንት ብቻ ይወጣው ነበር። ታንኳ ግን እንደገና ይታሰራል፣ እንደገናም ይታሰራል፤ ያው ሥራ ሲደገም በሁለቱ መካከል ምን እንደተለወጠ አንባቢው ሳይነገረው ያነጻጽራል።

ስለዚህ ታሪኩን በሦስት ታንኳ ከፈልኩት። ልጁ በመጀመሪያው 11፣ በሁለተኛው 15፣ በሦስተኛው 19 ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው አባቱ ልጁ ያሰረውን ሁሉ ፈተው እንደ አዲስ ያስሩታል። በሁለተኛው አይፈቱም፤ የላላውን ቦታ በመዳፋቸው ተጭነው ያልፋሉ፣ ልጁም ያንን ቦታ ብቻ ያጠብቃል። በሦስተኛው ቋጠሮውን ሳያዩ ታንኳው ላይ ይቀመጣሉ። የታሪኩ ሴራ ይኸው የእርማቱ መቀነስ ነው፤ ሌላ ጠብ፣ ሌላ አደጋ አልጨመርኩም።

ሦስቱን ትዕይንቶች እኩል ማድረግ ግን ታሪኩን ይገድለዋል። ከ2,500 ቃል ገደማ ለመጀመሪያው 1,300፣ ለሁለተኛው 400፣ ለሦስተኛው 800 ሰጠሁ። የመጀመሪያው የሚረዝመው አንባቢውን ሙያውን ስለሚያስተምረው ነው፤ ደንገሉ ሲታጨድ፣ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ በየእስሩ ሲጠፈር፣ አፍንጫው ጠበብ ብሎ ወደ ላይ ሲቀና። የላላ እስር ውኃ ላይ ምን እንደሚያደርግ እዚያ ላይ ያልተረዳ አንባቢ፣ አባትየው በመጨረሻ ሳያዩ መቀመጣቸው ምንም አይለውም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ተራኪው አባትየውን በምን ግስ ያነሳቸዋል የሚለው ነው። አማርኛ እዚህ ላይ መሸሸጊያ አይሰጥም። «አባትየው ገባ» የሚል ተራኪ ከሁለቱም እኩል ርቆ የቆመ ነው፤ «አባቱ ገቡ» ካለ ከልጁ ጎን ቆሞ ከታች ወደ ላይ ያያል። እኔ ከልጁ ትከሻ ስላልራቅሁ ከዳር እስከ ዳር በአክብሮት ግስ ጻፍኩ። ጣጣው ወዲያው ይመጣል፦ «ታንኳውን ጎተቱ» ሲባል የጎተቱት አባትየው ብቻቸውን ናቸው ወይስ ሁለቱም? የአክብሮቱና የብዙ ቁጥሩ መልክ አንድ ስለሆነ ሥራ በበዛበት አንቀጽ ውስጥ አንባቢው ይጠፋበታል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ትዕይንት አባትየው ብቻቸውን የሚሠሩትን «አባቱ» ብዬ፣ የጋራውን «ተጋግዘው» ብዬ ለየሁ። በሦስተኛው ግን ሆን ብዬ ተውኩት። «ገፉ፤ ተቀመጡ፤ ቀዘፉ» ይላል፤ የማን እጅ የቱን እንደሠራ መለየት አይቻልም። አንድ ሙሉ ገጽ ስሜት ቢገለጽ ይህን ያህል አያቀራርባቸውም ብዬ አምናለሁ፣ ይህንንም መንገድ አባትና ልጅን ለሚጽፍ ሁሉ እመክራለሁ። የሚሠራው ግን ቀድሞ በጥንቃቄ ከተለየ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው የተምታታ ከሆነ አንባቢው የሚያየው የጸሐፊውን ግድየለሽነት ነው።

በምልልሱም እንዲሁ። ልጁ አባቱን «አባባ» ይላል፣ «እርስዎ» ይላል። ይህ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ከመጻፍ በፊት መወሰን ያስፈልጋል፤ መሐል ላይ ከተወላገደ ቤቱ ይፈርሳል። ልጁ ሲቆጣ ወደ «አንተ» ማውረድ ርካሽ ነው፣ እንዲህ ባለው ቤት ያደገ ልጅም አያደርገውም። ሲያኮርፍ የሚያስቀረው «አባባ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ «አባባ፣ ገመዱን ያቀብሉኝ» የነበረው «ገመዱን ያቀብሉኝ» ይሆናል። አባትየው ደግሞ በመጀመሪያው ትዕይንት «ያዝ»፣ «ፍታው»፣ «አጥብቅ» እንጂ ሌላ አይወጣቸውም። በሦስተኛው «እስቲ ያዝልኝ» ይላሉ። ትእዛዙ ልመና ሆነ፤ ተራኪው ስለዚህ አንድም ቃል መናገር የለበትም።

ከአባትየው አፍ ሁለት ነገር ከለከልኩ። አንዱ ተረትና ምሳሌ ነው። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» ያማረ አባባል ነው፣ ግን የሁሉም አባት ነው፤ የእኒህን ሰውዬ ድምፅ ይውጠዋል። ሌላው ምርቃት ነው። ታሪክን በምርቃት መዝጋት ይቀላል፣ አንባቢም ያለቅሳል፤ ነገር ግን ምርቃት የሚታወቅ ሥርዓት ስለሆነ በሁለቱ መካከል የተለየ ምን እንዳለ አያሳይም። የቤት ውስጡን ፍቅር ለማሳየት እጅ ማስታጠብን ወሰድኩ። ልጁ ውኃ ያፈሳል፣ አባቱ በገመድ የተላጠ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። እጅን ከቅርብ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለም፤ ልጁ ቁስሉን ያያል፣ ውኃውን ቀስ ብሎ ያፈሳል፣ አለቀ። ሁለት ዓረፍተ ነገር በቂው ነው።

እናቲቱን ከታሪኩ ማጥፋትም የተለመደ ነው። ለእሷ አንድ ውሳኔ ሰጠሁ፦ ልጁ ከተማ ገብቶ ባጃጅ እንዲነዳ የምታደርገው እሷ ናት። ሦስተኛው ታንኳ የሚታሰረው በእረፍት ቀኑ ነው።

ዘመኑን ቀድሜ ካላሰላሁ አልጽፍም። ሦስተኛው ትዕይንት በ2016 ዓ.ም. ነው፤ አባትየው 53 ዓመታቸው ነው፣ ስለዚህ በ1963 ዓ.ም. ተወልደዋል። በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ የሚካሄደው ማጥመድ ጣና ላይ የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ የ15 ዓመት ልጅ ሆነው ሲመጣ አይተውታል። ለታንኳ ያላቸው ጥብቅና እንግዲህ ካለማወቅ የመጣ አይደለም፣ ሌላውንም አይተው የመረጡት ነው።

ቦታውም ስሌት ይፈልጋል። በግንቦትና በሰኔ ባሕሩ ይሸሻል፤ በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ ይመጣል፣ ልዩነቱም ከአንድ ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት ግንቦት ላይ፣ ሦስተኛው ጥቅምት ላይ ስለሆነ በመጀመሪያው አባትየው የተቀመጡበት ድንጋይ በሦስተኛው ውኃ ውስጥ ነው። ጠዋት ባሕሩ ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ቀትር ካለፈ በኋላ በታንኳ የሚያሻግር ደራሲ ማዕበሉን አብሮ ማምጣት አለበት። አባይ ከጣና በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ጉማሬ አለ፤ ቀዛፊ ያንን ሳያስብ አይሻገርም። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ይፋ ከሆነ ወዲህ ክፉኛ የተጎዳው በደንቢያ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም በኩል ያለው ዳርቻ ነው። ታሪኩን ባሕር ዳር አድርጎ ውኃውን ሁሉ በአረንጓዴ ምንጣፍ መሸፈን የአካባቢውን ሰው ከንባቡ ያስወጣዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ማን ነው የሚያስረው የሚለውን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ታንኳ ማሰር በጣና ዳርቻ ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ጋር የቆየ ትስስር ያለው ሙያ ነው። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ስለዚህ የልጁ ስም፣ የጠዋቱ ሰላምታ፣ የጾሙ ወር፣ አባትየው ሲደነግጡ የሚያወጡት ቃል ሁሉ ከዚያ መምጣት አለበት። ሙያውን ወስዶ ባለሙያውን መተው በደል ነው፣ ታሪኩንም ባዶ ያደርገዋል። ለረጅም ዘመን የተገለለ ማኅበረሰብ ስለሆነም አባትየው ለልጃቸው የሚፈሩት ነገር ከሌላው አባት ፍርሃት ጋር አንድ አይደለም። ከተማው ውስጥ የልጁ ስም ከነአባቱ ሲጠራ የአባትየው ስም አብሮ ይጠራል፤ በእኔ ታሪክ የአባትየው ስም የሚሰማው እዚያች ላይ ብቻ ነው፣ የባጃጅ መንጃ ፈቃዱ ሲሰጠው። ልጁ «አቤት» ይላል። ከዚያ በፊት በነበረው ረቂቅ ላይ ኩራቱን የሚገልጽ አንቀጽ ነበር፤ «አቤት» ስላለ አንቀጹን አወጣሁት።