ሃመር ኮራላችሁ ሲኮማተር፦ ምን ይታያል፣ ምን ይለካል?

ሃመርና ቶርች በቤት የጨው ውሃ ገንዳ (አኳሪየም) የሚያድጉ፣ ጣት የመሰሉ ለስላሳ ክንዶችና ድንጋይ የመሰለ አጽም ያላቸው የባሕር እንስሳት (ኮራሎች) ናቸው፤ ችግር ሲገጥማቸው አይደብቁም። መብራቱ ከበራ ሁለት ሦስት ሰዓት አልፎ ጣቶቻቸው ካልወጡ የሆነ ነገር አልተመቻቸውም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ከመደርደሪያው ጠርሙስ አንሥቶ ይጨምራል፣ ኮራሉን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል፣ ግማሹን ውሃ ይቀይራል፣ ያውም ሁሉንም በአንድ ቀን። ከዚያ በኋላ ኮራሉ ቢድንም ቢሞትም ምክንያቱ አይታወቅም። በመጀመሪያው ችግር ሊተርፍ የሚችል ኮራል በሕክምናው ጥድፊያ ሲሞት ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ ከታች ባለው ቅደም ተከተል ሂዱ፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ለውጡ።

ለአንድ ቀን መኮማተር ብቻውን በሽታ አይደለም። ቆሻሻውን በአፉ ሲያስወጣ ይሰበሰባል፤ ቡናማ ክር የመሰለ ነገር ሲወጣ ታያላችሁ። አዲስ የተገዛ ከሆነም ጥቂት ቀናት ዝግ ሆኖ መቆየቱ የተለመደ ነው። የሚያሳስበው መኮማተሩ ሲቀጥል፣ ወይም ሥጋው ከአጽሙ ጠርዝ እየሸሸ ስለታም የአጽም ጥርሶች ብቅ ሲሉ ነው።

አሁን ባትሪ አብሩና ቀረብ ብላችሁ እዩ። ኮራሉ ነጭ ሆኗል? ነጭነት ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ደግሞ ወደተሳሳተ ሕክምና ይወስዳል። በመጀመሪያው ሥጋው አለ፣ ግን እንደ መስታወት ስለሚያሳልፍ የአጽሙ ንጣት ከሥሩ ይታያል። በሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ወጥተዋል፤ ኮራሉ ተርቧል እንጂ አልሞተም። በሁለተኛው ሥጋው ራሱ ጠፍቷል፤ የቀረው ባዶ ድንጋይ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት መብራትን፣ ሙቀትንና የናይትሬትና የፎስፌት እጥረትን ጠርጥሩ። ለብርሃን የተጋለጠው የላይኛው ገጽ ብቻ ከነጣ ጥፋቱ የመብራቱ ነው ለማለት ያስደፍራል፤ ጥላ ውስጥ ያለው ጎኑም እኩል ከነጣ ሙቀቱን ወይም ረሃቡን ፈልጉ። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ የአልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅም) መዋዠቅን፣ ኢንፌክሽንን፣ ተባይንና የጎረቤት ኮራል ንድፊያን ተመልከቱ።

ለነገ የማይባል አንድ ምልክት አለ። በአንዱ ራስ ላይ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ፣ ንፍጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ ሌላውን ምርመራ አቁሙ። ይህ ቡናማ ጄሊ የሚባለው በሽታ ነው፤ አንድን ራስ በአንድ ቀን ሊጨርስና በውሃው ፍሰት ወደ ጎረቤቱ ሊዛመት ይችላል። መጀመሪያ ፓምፖቹን ሁሉ አጥፉ። ጄሊውን በቀጭን ቱቦ ወደ ባልዲ ምጠጡ፤ በውሃው ውስጥ እንዲበተን አትነቅንቁት። ከዚያ ኮራሉን ከገንዳው ውሃ በቀዳችሁበት ሌላ ዕቃ ውስጥ አስገቡ። ስታነሡት ከአጽሙ ያዙት። ሥጋው ተዘርግቶ ከሆነ ቀድማችሁ በስሪንጅ ውሃ በቀስታ እየነፋችሁ እንዲሰበሰብ አድርጉ፤ ተዘርግቶ እንዳለ ከውሃ ከወጣ በራሱ ክብደት በአጽሙ ስለት ላይ ይቀደዳል፤ ያ ቁስል ደግሞ ለሚቀጥለው ኢንፌክሽን በር ነው።

ቅርንጫፍ ያለው ሃመር ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ የእያንዳንዱ ራስ ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤቱ ጋር አልተያያዘም። የታመመውን ራስ ከሥጋው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ በአጥንት መቁረጫ ወይም በጠንካራ ፒንሳ ቁረጡና ለይታችሁ አውጡት። እንደ ግድግዳ ወጥ የሆነው ዓይነት ግን ሥጋው አንድ ስለሆነ በጤነኛው በኩል ገብቶ በመጋዝ መቁረጥ ይጠይቃል፤ የመትረፍ ዕድሉም አነስ ይላል። የቀረውን ክፍል አዮዲን ውስጥ ንከሩት፦ በ1 ሊትር የገንዳ ውሃ ከ5 እስከ 10 ጠብታ ባለ 5 በመቶ የሉጎል አዮዲን፣ ለ10 ደቂቃ። ውሃው የቀጠነ ሻይ ይመስላል። በሌላ ንጹሕ የገንዳ ውሃ አለቅልቁትና መልሱት፤ የነከራችሁበትን ውሃ ግን ወደ ገንዳው አትመልሱ።

ጄሊ ከሌለ ወደ ልኬት እንሂድ። የመጀመሪያው ጨዋማነት ነው፣ ምክንያቱም የሌሎቹ ቁጥሮች ትርጉም በእሱ ላይ የቆመ ነው። የሚፈለገው በሺህ 35፣ ማለትም በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከንጹሕ ውሃ አንጻር ሲታይ 1.026 ጥግግት ነው። ሪፍራክቶሜትራችሁን (የጨዋማነት መለኪያውን) በንጹሕ ውሃ ብቻ ዜሮ አድርጋችሁ አትመኑት፤ በዜሮ ትክክል ሆኖ በ35 አካባቢ ሊሳሳት ይችላል። ባለ 35 ማስተካከያ ፈሳሽ ግዙና በእሱ አስተካክሉት። ጨዋማነቱ ወደ 31 ወርዶ ካገኛችሁት ካልሲየሙም ማግኒዥየሙም አብረው ዝቅ ብለው ይታያሉ፤ ካልሲየም የሚጨምር ሰው ያልጎደለውን እየሞላ ነው። መድኃኒቱ በትነት የጎደለውን ውሃ ለጥቂት ቀናት በንጹሕ ውሃ ፈንታ 35 በሆነ ጨዋማ ውሃ መተካት ነው፤ በቀን ከ1 በላይ እንዳይጨምር ተጠንቀቁ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ውሃ የሚሞላው አውቶማቲክ መሣሪያ ነው፤ ሴንሰሩ ላይ ቀንድ አውጣ ወይም አልጌ ተቀምጦ ፓምፑ ሳይቆም ሲያፈስ ያድራል።

ቀጥሎ አልካሊኒቲ። ሃመርን በተመለከተ አንድ ልኬት ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ከ7.5 እስከ 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ) ያለው ማንኛውም ቁጥር ያኖረዋል፤ የሚጎዳው ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለሉ ነው። ሁለት ቀን በተከታታይ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ምንም ሳትጨምሩ ለኩ። ዛሬ 8.3 ነገ 7.6 ካገኛችሁ ገንዳው በቀን 0.7 ይበላል ማለት ነው። በ100 ሊትር ውሃ 1 ዲኬኤች ለመጨመር 3 ግራም ገደማ ሶዲየም ባይካርቦኔት ያስፈልጋል፤ ድንጋዩና አሸዋው የያዙት ቦታ ተቀንሶ 200 ሊትር ውሃ ካላችሁ የዕለቱ ፍጆታ 4.2 ግራም ነው። ለዳቦ የሚገዛው ንጹሕ ባይካርቦኔት ይሠራል፤ ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ስለሆነ አይሆንም። በግማሽ ሊትር ንጹሕ ውሃ አሟሙታችሁ ፍሰት ባለበት ቦታ ቀስ ብላችሁ አንጠባጥቡት። ከካልሲየም ጋር በአንድ ሰዓት አትጨምሩ፤ ሁለቱ ተገናኝተው ነጭ ዝቃጭ ሆነው ይወርዳሉ፣ ሁለቱንም ታጣላችሁ። የወረደን አልካሊኒቲ ስትመልሱ ከዕለቱ ፍጆታ በላይ የምታክሉት በቀን ከ0.5 ባይበልጥ ይመረጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር የጨው ዓይነት ነው። አንዳንዱ ጨው ሲሟሟ 7 ወይም 8 ዲኬኤች ይሰጣል፣ አንዳንዱ 12 ይደርሳል። ገንዳው 7.5 ሆኖ በ12 በተዘጋጀ ውሃ 20 በመቶውን ብትቀይሩ በደቂቃዎች ውስጥ 8.4 ይሆናል። ኮራሉ ሁልጊዜ ውሃ በተቀየረ ማግስት የሚኮማተር ከሆነ አዲሱን ውሃ ራሱን ለኩት። ሌላው ጠቃሚ ምልክት የፍጆታው መቀነስ ነው። በቀን 0.7 ይበላ የነበረ ገንዳ ያለ ምክንያት 0.3 መብላት ከጀመረ ኮራሎቹ አጽም መሥራት ቀንሰዋል፤ ዓይን ከማየቱ በፊት ቁጥሩ ነግሯችኋል። መጠኑን ሳትቀንሱ መጨመር ከቀጠላችሁ ደግሞ አልካሊኒቲው ሽቅብ ይወጣና ሁለተኛ ችግር ትፈጥራላችሁ።

ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዥየም ከ1280 እስከ 1350 ሚሊ ግራም በሊትር ከሆኑ እለፏቸው። ማግኒዥየም ከ1200 በታች ከወረደ ግን ካልሲየምና አልካሊኒቲን ማረጋጋት ስለሚያስቸግር ቀድማችሁ እሱን አስተካክሉ።

ናይትሬትና ፎስፌት ላይ የቆየው ምክር «ዜሮ አድርጓቸው» የሚል ነበር። ለሃመር ይህ ምክር ጎጂ ነው። ናይትሬት ከ5 እስከ 15፣ ፎስፌት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር ይመቸዋል። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ሥጋው ይሳሳል፣ ቀለሙ ይገረጣል፣ በአሸዋው ላይም አረፋ የያዘ ቡናማ ክር፣ ማለትም ዳይኖፍላጀሌት፣ የመነሣት ዕድል ያገኛል። ሐና የተባለው ኩባንያ በሚሠራው የፎስፈረስ መለኪያ የምትጠቀሙ ከሆነ የሚያሳየው ፎስፌትን ሳይሆን ፎስፈረስን በቢሊዮን ክፍል ነው፤ በ3.066 አባዙና ለ1000 አካፍሉ። 20 ካነበባችሁ ፎስፌቱ 0.061 ነው። ከፍ ብሎ 0.3 ቢደርስ እንኳ ፎስፌት በሚመጥ የብረት ኦክሳይድ ማጣሪያ በአንድ ሌሊት አትጥረጉት፤ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ ጀምሩና በየሁለት ቀኑ እየለካችሁ አውርዱት።

ሙቀት ከ25 እስከ 26 ይሁን። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ ዋናው አደጋ ለጉዞ ስትወጡ ኤሲውን ማጥፋት ነው፤ ገንዳው 30 ዲግሪ ካለፈ መንጣቱ የቀናት ጉዳይ ነው። በውሃው ገጽ ላይ የሚነፍስ ፋን ሁለት ሦስት ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል፣ በትነቱን ግን ይጨምራልና የመሙያውን ታንክ ተመልከቱ። ማሞቂያ ደግሞ እንደበራ ተጣብቆ ሊቀር ስለሚችል በአንድ ትልቅ ፈንታ ሁለት ትንንሽ፣ ከውጭ ቴርሞስታት ጋር፣ ማድረግ ያዋጣል።

ውሃው ትክክል ከሆነ ወደ ቦታው ተመለሱ። ጣቶቹ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ አለባቸው። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ተደፍተው ከሆነ ፓምፑ በቀጥታ እየመታቸው ነው፤ ሥጋው በዚያ በኩል በአጽሙ ስለት ላይ ሲፋተግ ይቆስላል። ፓምፑን ወደ መስታወቱ ወይም ወደ ውሃው ገጽ አዙሩት። ለብርሃን ከ80 እስከ 150 ፓር (ለፎቶሲንተሲስ የሚያገለግል ብርሃን መለኪያ) ይበቃዋል። አዲስ ኤልኢዲ ከሰቀላችሁ ከግማሽ ኃይል ጀምራችሁ በአራት ሳምንት አሳድጉት።

በሌሊት መብራቱ ከጠፋ አንድ ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዛችሁ ተመለሱ፣ ቀን የማይታይ ነገር አለ። ጋላክሲያ ኮራል በጨለማ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርስ መንደፊያ ክር ይዘረጋል። ቶርችም ሃመርን ይነድፋል፤ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር አራርቋቸው። ሃመርና ፍሮግስፓውን የተባለው ዘመዱ ኮራል ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን ይስማማሉ። በአጽሙ አንገት ላይ ሥጋ የሚበሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ጠፍጣፋ ትሎችን ፈልጉ፤ እንቁላላቸውን ማንከሪያው መድኃኒት ስለማይገድለው በብሩሽ ፈግፍጉና በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ለአራት ወይም አምስት ሳምንት ንከሩ። ክላውን ዓሣ ሃመሩን ቤቱ አድርጎት ሲታሽበት ከዋለም ኮራሉ ላይከፈት ይችላል።

ሁሉም ቁጥር ደህና ሆኖ ብዙ ኮራል በአንድ ጊዜ ከከፋው ብክለትን ጠርጥሩ። የፓምፕና የመስታወት ማጽጃ ማግኔቶችን አውጥታችሁ የዝገት ነጠብጣብ ፈልጉ፤ የተሰነጠቀ ማግኔት ይጣላል። አዲስ አክቲቬትድ ካርቦን አስገቡ፣ የውሃ ናሙናም ለአይሲፒ (በውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ብረቶችን የሚለይ የላቦራቶሪ) ምርመራ ላኩ፤ መዳብ፣ ዚንክና ቆርቆሮ በቤት መመርመሪያ በአግባቡ አይታዩም። የቧንቧ ውሃን የሚያጠራው የአርኦ ዲአይ ማጣሪያችሁ ቲዲኤስ (በውሃው የሟሟ ነገር መጠን) ዜሮ ማሳየቱም ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ የቧንቧ ውሃው በክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ስለሚታከም ተራ የካርቦን ማጣሪያ ቶሎ ይደክማል፤ ለክሎራሚን የተሠራ ካርቦን ግዙ፣ ከማጣሪያው የወጣውንም ውሃ በጠቅላላ ክሎሪን መመርመሪያ ፈትሹ።

መዳኑ የሚታወቀው ሥጋው እንደገና የአጽሙን ጠርዝ አልፎ ወደ ውጭ ሲንጠለጠል ነው። ያኔ በሳምንት ሁለት ጊዜ በደቃቁ የተከተፈ ማይሲስ (ትንሽ ሽሪምፕ መሰል የባሕር እንስሳ) ስጡት፦ ፓምፖቹን ለ15 ደቂቃ አጥፉና ወደ አፉ አቅራቢያ በስሪንጅ አድርሱለት። ካልያዘው አታስገድዱት፣ የተረፈውን ምጠጡት። ሥጋው ሙሉ በሙሉ የጠፋ ቅርንጫፍ ጄሊ ከሌለበት አይጣል፤ ራሱ ባይመለስም ከወራት በኋላ ከግንዱ ጎን ትንንሽ አዳዲስ ራሶች ሊያበቅል ይችላል።