በጥር ንፋስ አሰላ፣ በኤሌክትሪክ መኪና

ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበርና አሰላ ሄጄ ነበር። የሄድነው የሰፈሬ ልጅ በሚሠራባት የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንገዱ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ምንም አያሳስብም፣ ግን አዲስ አበባ፣ ሰሚት ሰፈር ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስላደረ በ60 ፐርሰንት ነው የተነሳነው። ልጁ "አዳማ እንሞላለን፣ አታስብ" አለኝ፣ እሺ ብዬ ገባሁ።

ፈጣን መንገዱ ላይ በ120 ስትነዳ ባትሪው እያየኸው ነው የሚወርደው። እኔ ግን ዓይኔ ውጪ ነበር፣ አዳማ ልትደርስ ስትል ኮረብታው ላይ የተደረደሩትን የንፋስ ተርባይኖች ስንቴም ባያቸው አልጠግባቸውም። የመጀመሪያው ዙር በፈረንጆቹ 2012 አለቀ፣ 51 ሜጋዋት ነው፣ በ2015 ደግሞ 153 ሜጋዋት ተጨመረበት። በዛ ቀን ሁሉም እየዞሩ ነበር። ሰው "የህዳሴው ግድብ ካለቀ በኋላ ንፋስ ምን ያደርግልናል" ሲል በጣም እናደዳለሁ፣ ምክንያቱም በጋ ላይ ወንዙ ሲቀንስ ነው ንፋሱ የሚበረታው፣ ክረምት ውሃው ሲሞላ ደግሞ ንፋሱ ይደክማል፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል ማለት ነው። አገሩን ሙሉ በዝናብ ላይ አስደግፈህ ድርቅ ሲመጣ በፈረቃ መብራት መኖር ምን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

አዳማ ቻርጅ ማድረጊያው ተበላሽቷል። ጥበቃው "ሰሞኑን አይሠራም፣ ሌላ ቦታ ሞክሩ" አለን፣ ሌላው ቦታ ደግሞ ወረፋው ከሰዓትን ሙሉ የሚያስቀምጥ ነው። ልጁ እስከ ኢተያ ያደርሰናል ብሎ ቀጠለ፣ አዋሽ መልካሳንና ዴራን እንዴት እንዳለፍን አላስታውስም፣ ሁለታችንም ቁጥሩን ብቻ ነበር የምናየው። ዳገቱ ሲጀምር 20 የነበረው በአንዴ ወረደና ኢተያ ስንገባ 13 ፐርሰንት ቀርቶናል። ያውም እዛ ሌላ የንፋስ ኃይል ማመንጫ አለ፣ በዴንማርክ ድጋፍ የተሠራው፣ 29 ተርባይኖች፣ 100 ሜጋዋት፣ ክንፎቹ ከአዳማዎቹ በጣም ይረዝማሉ። ከስንዴው ማሳ በላይ ሲዞሩ እያየን መኪናዋን የምንሰካበት አጣን።

ያወጣን አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። ወፍጮ ቤት ስሪ ፌዝ፣ ማለትም ከቤት መስመር የሚበረታ የመብራት መስመር ስላለው ልጁ ገብቶ ጠየቃቸው፣ እሳቸውም መጀመሪያ መኪናዋን ዞረው አዩና "ነዳጅ የለውም? ምንም?" አሉ፣ ከዛ "የእነዚህን ስንዴ ልጨርስና ትሰካላችሁ" አሉን። አህያ ጭነው የመጡ አራት አምስት ሴቶች ተራ ይጠብቁ ነበር። ወፍጮው ሲቆም ገመዱን ራሳቸው ከማብሪያ ሳጥኑ ጋር አያያዙልን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየንና 35 አለፈ። ስንጠብቅ ቤታቸው የት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ በእጃቸው ወደ ተርባይኖቹ አቅጣጫ አሳዩኝና "ከዛ ወዲያ ነው፣ እኛ ጋ መብራት ገና አልገባም፣ ልጆቹ በሶላር ነው የሚያጠኑት" አሉኝ። ብር ስንሰጣቸው "እንግዳ ናችሁ" ብለው እምቢ አሉ። ኦቦ፣ ገለቶማ (አመሰግናለሁ)፣ ባያነቡትም እዚህ ልጻፈው።

ከዛ እስከ አሰላ ያሰብኩት ይሄንኑ ነው። ተርባይኑ የሚያመነጨው ከፍተኛ መስመር ላይ ወጥቶ ይሄዳል፣ ሰው ቤት ለመግባት ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ የሚጎድለን እሱ ነው። ጳጉሜን 2017 ላይ የህዳሴው ግድብ በ5,150 ሜጋዋቱ ሲመረቅ እኔም አልቅሻለሁ፣ ቦንድ ገዝቼበታለሁ፣ አሁንም እኮራበታለሁ። ግን ለማመንጫው ያዋጣነውን ያህል ለትራንስፎርመሩ የሚጮህ ሰው አላይም።

አክስቴ ቤት ደግሞ ባሰብኝ። ለሰርጉ እንጀራ እየተጋገረ ነው፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ሦስት ሴቶች በማገዶ ጭስ ውስጥ ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ ይጋግራሉ። "እትዬ፣ ምጣዱ ተበላሸ እንዴ?" አልኳት። "ምን ይበላሻል ልጄ፣ መብራቱ ጉልበት የለውም፣ ሊጡን እስኪያበስል ሌሊት ይሆናል" አለች። አምፖሉን ቀና ብዬ ሳየው ቀልቶ ነው የሚበራው። ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፣ የሰርግ ሰሞን መንደሩ ሁሉ ሲሰካ አሮጌው ትራንስፎርመር አይችልም። አዲስ አበባም ይጠፋል ግን ሲመጣ በደንብ ይመጣል፣ እዚህ አለ እየተባለ የለም። በዚህ አገር አብዛኛው ቤት አሁንም በእንጨትና በከሰል ነው የሚያበስለው። ስለ አየር ንብረት ስናወራ ችግኝ ተከላውን እደግፋለሁ፣ በየዓመቱም እተክላለሁ፣ ግን የአክስቴ ምጣድ እስካልጋለ ድረስ ያ ዛፍ ተመልሶ ማገዶ ይሆናል።

ቤቱ በእንግዳ ስለሞላ ፔንሲዮን ያዝን። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ ልክ በእኔ መስኮት ስር ነው፣ ጭሱ ክፍሉ ገባ፣ እስከ ንጋት አልተኛሁም። ጠዋት መኪናዋን ለሰካንበት 1,500 ብር ጠየቁን። በቆጣሪ ቢታሰብ ሩቡን አይሞላም፣ ግን ያሉትን ከፍለን ወጣን።

ሰርጉ በጣም ቆንጆ ነበር። ስንመለስ ከኢተያ ቁልቁል ልጁ እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሳ መኪናዋ ራሷ እየሞላች ሁለት ፐርሰንት ጨመረች፣ አዳማም ወረፋ ቀለል ብሎ ሞላን።

የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 በእኛ አቆጣጠር የተከለከለውን ብዙ ሰው ሲሳደብበት እሰማለሁ፣ እኔ ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ ቤንዚን በዶላር ገዝተን ማቃጠል የለብንም። በፈረንጆቹ 2027 አዲስ አበባ ኮፕ 32ን፣ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤውን፣ ስታስተናግድ የሚመጡት እንግዶች ቦሌ ላይ ያለውን ቻርጀር ብቻ አይተው እንዳይመለሱ ነው የምፈልገው፣ ኢተያና አሰላም ይወሰዱ፣ ገንዘብ ሲጠየቅም ለሽቦውና ለትራንስፎርመሩ ተብሎ በግልጽ ይጠየቅ።

በኤሌክትሪክ መኪና የምትሄዱ፣ አዲስ አበባ ላይ እስከ መቶ ሳትሞሉ አትነሱ፣ ፈጣን መንገዱ ላይ ከ90 አትለፉ፣ ረጅም ገመድ ያዙ፣ ፔንሲዮን ስትይዙ የቻርጁን ዋጋ ከመስካታችሁ በፊት ተነጋገሩ።