«ሽቦ ብቻ?»

ከተዋጊ ጄት ከወረድኩ ወዲህ የምተዳደረው በአፌና በሳክስፎን ነው። ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ንግግር እንዳደርግ ይጠሩኛል። መጨረሻ ላይ ሁለት ዜማ እነፋለሁ። ይህን የሰማ ሁሉ ክሪስ ክሪስቶፈርሰንን ያነሳብኛል። ሰውየው የአሜሪካ ጦር የሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ሠራዊቱን ለቆ ናሽቪል ገባ፤ ስቱዲዮ ውስጥ ወለል ሲጠርግ ቆይቶ ስመ ጥር ዘፋኝ ሆነ። እኔ መጥረጉንም ስመ ጥርነቱንም ዘልያቸዋለሁ።

ሳክስፎኑ ይከብደኛል ብዬ ነበር። ጄቱ በኃይል ሲታጠፍ ክብደትህን የሚያባዛ ጫና አለ፤ ጂ እንለዋለን። ከባድ ጂ ሲመጣ እግርህንና ሆድህን ወጥረህ፣ አየር ይዘህ፣ በየ3 ሰከንዱ ቁርጥ አድርገህ ትተነፍሳለህ። በ9 ጂ 80 ኪሎ የነበረው ሰው 720 ይሆናል፤ ትግሉ ደም ከጭንቅላትህ እንዳይሸሽ ነው። ሳክስፎን ደግሞ የሚወደው ረጅምና ለስላሳ ትንፋሽ ነው። አስተማሪዬ የመጀመሪያውን ቀን ሰምቶኝ ሲያበቃ «የሚያባርርዎት ሰው አለ እንዴ?» አለኝ።

የባሰው ግን ወሬው ሆነ። ኮክፒት ውስጥ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ አብርር፣ ቀጥሎ አቅጣጫህን ያዝ፣ ወሬ በመጨረሻ። እኔ አሁን የምበላው በመጨረሻዋ ነው።

አንዴ አንዲት የመድረክ አስተባባሪ ከዝግጅቱ በፊት ልትሰማኝ ፈለገች። ጥሩ የምለውን ገጠመኝ ነገርኳት። እንደተነሳሁ የሞተር እሳት ማስጠንቀቂያው በራ። ያለኝ ሞተር አንድ ነው። ጉልበቱን ቀነስኩ፤ መብራቱ አልጠፋም። የሙቀት መለኪያውን አየሁ፤ ደህና ነው። ወደ ኋላ ዞሬ ጭስ ፈለግኩ፤ የለም። ተመልሼ አረፍኩ። መካኒኮቹ ከፍተው ሲያዩት የተላጠ ሽቦ ኖሯል።

«ሽቦ ብቻ?»

«ሽቦ ብቻ።»

«እሳትስ?»

«እሳት የለም።»

ማስታወሻዋን ዘጋች። «ሻለቃ፣ ቅር አይበልዎትና... ትንሽ ቢዘሉ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ በፓራሹት ነው የምትለው።

«ከዘለልኩማ አውሮፕላኑ ይከሰከሳል። ሽቦውን ማን ያገኘዋል?»

«እሱን ማን ይጠይቅዎታል!»

ይህቺ አነጋገሯ እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም። እኛ ቤት ከበረራ በኋላ ግምገማ አለ። ማዕረግ በር ላይ ይቀራል። ትንሹ መቶ አለቃ አዛዡን «ቀድመው ዞረዋል» ይለዋል፤ አዛዡም የተቀረጸውን አይቶ «ልክ ነህ» ይላል። ማን ይጠይቅዎታል ብሎ ነገር የለም። ሁሉም ይጠይቅሃል።

ስለዚህ መድረክ ላይ ሽቦዬን ይዤ ወጣሁ። «መብራቱ በራ» አልኩ። ማይኩ ሞተ።

ሌላ ተናጋሪ ቢሆን «ይሰማል? ሄሎ?» ይል ነበር። እኔ እንደለመደብኝ ዝም አልኩ። ማብሪያውን አየሁ፤ በርቷል። የድምፅ ባለሙያውን አየሁት፤ እሱም ያየኛል። የማይኩን ሥር ዳሰስኩ፤ ገመዱ ላልቷል። ጫን አደረግኩት። አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ ጠፋ። «ሞተሩ ይሠራል» ስል ከኋላ አንድ ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁት። እኔ ሳክስፎን ላይ ያጣሁት ትንፋሽ እሱ ነው።

ሲያልቅ አስተባባሪዋ እየሮጠች መጣች። «ሻለቃ! ያቺ ዝምታ! መዝለሉም አላስፈለገ። መቼ ነው የተለማመዷት?»

«ሽቦ ነው» ማለት ነበረብኝ። ግምገማ ያሳደገው ሰው እንዲያ ነው የሚለው። እኔ ግን «አመሰግናለሁ» አልኩ። የድምፅ ባለሙያው ገመዱን እየጠቀለለ ቀና ብሎ አየኝና ሳቁን ዋጠ።

አሁን «መብራቱ በራ» ስል አውራ ጣቴ ማብሪያው ላይ ነው። ቀስ ብዬ አጠፋና እስከ አሥር እቆጥራለሁ። አዲስ የድምፅ ባለሙያ ካለ ደግሞ አስቀድሜ ጠጋ ብዬ እነግረዋለሁ፦ «ድምፄ ሲጠፋ እንዳትሮጥ»።