ባቡሩን የሚመረምረው ማን ነው?

ድሬ ላይ ስለ ባቡር የማያወራ ሰው የለም። ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከዚራ የሚባል ሰፈርም አይኖርም ነበር። ስለ ትኬቱ እናማርራለን፣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ስለ መራቁ እናማርራለን። ስለ ምርመራው ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ እሱ ነው።

መስመሩን የሚሠራ ተቋራጭ አለ፣ ባቡሩን የሚነዳ ድርጅት አለ። መርማሪው ከሁለቱም አይደለም። መሣሪያውን ይዞ ይመጣል፤ ሐዲዱን፣ ጎማውን፣ ብሬኩን፣ ሲግናሉን፣ ከላይ የተዘረጋውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይለካል፤ ከዚያ «እዚህ ጋ ፍጥነት ቀንሱ፣ ይሄኛው ይቀየር» ብሎ ፈርሞ ይሰጣል። ዋጋው ፊርማው ላይ ነው። የሠራውን ራሱ ከመረመረማ ምኑን ምርመራ ሆነ!

ከዚራ ሻይ የምንጠጣ ጊዜ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ጋሼ ድሮ ጎማ እንዴት እንደሚመረመር አሳይተውኛል። በማንኪያው ደህናውን ብርጭቆ ነካ አደረጉት፣ ጠራ ያለ ድምፅ ሰጠ። የተሰነጠቀውን ሲነኩት ደነቆረ። በመዶሻ የሚመታው የብረት ጎማም እንደዚያው ነው አሉኝ። ዛሬ ሥራውን የሚሠራው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ብረቱ የሚልክ አልትራሳውንድ ነው፣ ያው እርጉዝ ሴት የምትታይበት ዓይነት። ሐዲዱ ላይ ውሃ ወይም ጄል ይደረጋል፣ ምክንያቱም በመሃል አየር ከገባ ድምፁ ወደ ብረቱ አያልፍም፤ ከዚያ ስንጥቅ ካለ ድምፁ የሐዲዱ ታች ሳይደርስ ቀድሞ ተመልሶ ይመጣና ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል።

የኛ አገር ሙቀት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምርና የሚይዘው ነገር ባይኖር ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ተበይዶ የተያያዘ ሐዲድ ግን መርዘም አይችልም፣ ታፍኖ ይቀመጣል፣ ጠጠሩ በደንብ ካልያዘው አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወደ ጎን ይጠማዘዛል። ድሬ ላይ ፀሐይ የዋለበትን ብረት በእጁ የነካ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ስለዚህ በብርድ አገር ልክ የተጻፈን ቁጥር እዚህ አምጥቶ መለጠፍ አያዋጣም፤ ሐዲዱ የሚታሰርበት ሙቀት ለቦታው ታስቦ ነው የሚወሰነው።

አቦ፣ ምርመራ ብቻውንም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2000 እንግሊዝ አገር ሃትፊልድ ላይ ባቡር ሲያልፍበት ሐዲዱ ከ300 በላይ ስብርባሪ ሆኖ አራት ሰው ሞተ። ስንጥቁ ቀድሞ ታውቆ ነበር። መተኪያው ሐዲድ ሳይቀር ቦታው ድረስ መጥቶ ነበር! የቀየረው ሰው ጠፋ እንጂ። ለዚህ ነው ሪፖርቱን ጽፎ ከሚሄድ መርማሪ ይልቅ «ያልኳችሁን ቀየራችሁ ወይ?» እያለ የሚጨቀጭቀውን የምመርጠው።

ድሬ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል የምትማሩ ልጆች ይሄን ሥራ አስቡበት። መርማሪዎች በደረጃ 1፣ 2 እና 3 ይመዘናሉ። ደረጃ 1 ላይ በሰው ሥር ሆናችሁ ትለካላችሁ፣ ውጤቱን ራሳችሁ ተርጉማችሁ የምትፈርሙት ከደረጃ 2 ጀምሮ ነው። በአልትራሳውንዱ ጀምሩ፤ ለባቡር ባይሆን እንኳ ለቦይለር፣ ለነዳጅ ታንከር፣ ለድልድይ ብየዳ ይፈለጋል።